ይቅርታን በሕይወት ታሪክ ስለ ማስተማር፤ የአዊ ምድር ልማድና የዘመኑ ክርክር

ተማሪዎች ይቅርታንና የጠብ አፈታትን የተበደሉና የበደሉ ሰዎች ከሚናገሩት የሕይወት ታሪክ ሊማሩ ይችላሉን የሚለው ጥያቄ፣ ምንም እንኳ በዘመኑ የሥነ ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ እንደ አዲስ ግኝት ሆኖ ቢቀርብም፣ በአገራችን ዕድሜው የጠና ነው፤ ከአብነት ትምህርት ቤቱ ጀምሮ እስከ ሽምግልናው ዋርካ ድረስ አባቶች ልጆቻቸውን ሲገሥጹ የኖሩት በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በተፈጸመ ነገር ትረካ ጭምር ነውና። ጥያቄውን ዛሬ የሚያከብደው ሌላ ነገር ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ በቻግኒም ሆነ በጃዊ፣ በአንድ መማሪያ ክፍል ከሚቀመጡት ልጆች መካከል በቀልን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታቸው ደጃፍ ያወቁ አሉ፤ እንዲህ ላለው ልጅ ይቅርታን ማስተማር እንደ ሰዋስው ደንብ አስጠንተው የሚያልፉት ሥራ አይደለም። የሚነገረው ታሪክ የማን ነው፣ ከየት ጀምሮ የት ያበቃል፣ ተናጋሪውስ ይቅር ላለማለት ነጻነት አለውን የሚሉት ጥያቄዎች የሚነሡትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከስንክሳር እስከ ግብረ ገብ

የጉዳዩን ምንጭ ለሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሚገለጥለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር እንደ መሆኑ የዋሸራንና የዲማን ስም ያልሰማ የአብነት ተማሪ አይገኝም፤ ነገር ግን ስለ ይቅርታ የሕዝቡን ልቡና የቀረጸው ከቅኔው ይልቅ በየዕለቱ የሚነበበው ስንክሳር፣ በየበዓሉም የሚሰማው ገድልና ተአምር ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። የካቲት 16 ቀን በሚከበረው በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚተረከው የበላዔ ሰብእ ታሪክ፣ 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው ውኃ ለጠማው ድኻ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ምሕረት ማግኘቱን ያስተምራል። ከምሕረት ውጭ የሚቀር ኃጥእ የለም የሚለውን ተስፋ ወደ ልብ ለማድረስ ከዚህ የበረታ ትረካ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ይህ በአምላክና በኃጥእ መካከል የሚፈጸም ነገር ነው፤ የሟቾቹ ወገኖች ምን እንዳሉ ተአምሩ አይናገርም፣ የተጻፈውም ለዚያ አይደለም። ስለዚህ ሰው ለሰው የሚያደርገውን ይቅርታ ሊያስተምርበት የሚሻ መምህር ይህን ታሪክ ብቻ ቢይዝ፣ የተበደለውን ወገን ከትምህርቱ ውጭ ትቶት እንዳይሄድ መጠንቀቅ ይገባዋል።

የዮሴፍ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 42 እስከ 45 እንደምናነበው፣ ዮሴፍ ወንድሞቹን ባየ ጊዜ ወዲያው አልተገለጠላቸውም፤ ስምዖንን አሰረ፣ ጽዋውንም በብንያም ስልቻ አኖረ፣ ዕንባውንም እየሰወረ ቆየ፤ ዮሴፍ እንዲሸጥ አሳብ ያቀረበው ይሁዳ ራሱ በታናሹ ፈንታ ባርያ ልሁን ብሎ በቆመ ጊዜ ብቻ ማንነቱን ገለጠ። ብዙ ጊዜ ለልጆች ሲነገር የሚዘለለው ይህ መካከለኛው ክፍል፣ ማለትም የፈተናውና የልብ መለወጡ ክፍል ነው፤ መዘለሉም ለኋለኛው ክርክር ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ጉድለት ነው።

በኋላ የመጣው የዘመናዊ ትምህርት ቤት ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ወረሰ። አንደኛው የምክርና የምሳሌ መጽሐፍ ነው፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ምክሮች፣ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»፣ በጎጃም ተወልዶ ያደገው የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» በዚህ ወገን ይቆጠራሉ፤ ልጅን የሚያስተምሩትም በታወቀ ፍጻሜ፣ ጥፋትና ቅጣት፣ ደግነትና ዋጋ በተገናኙበት ትረካ ነው። ሁለተኛው ግብረ ገብ የሚባለው የክፍል ትምህርት ሲሆን፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሲሰጥ ኖሮ በደርግ ዘመን ስፍራውን ለፖለቲካ ትምህርት ለቀቀ፤ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተተካ። ይህ ትምህርት በ11 እሴቶች የተዋቀረ ነበር፤ ፍትሕ አለበት፣ እኩልነት አለበት፣ ቁጠባ እንኳ ራሱን የቻለ ርእስ ነበረው፤ ይቅርታ ግን በርእስነት አልተጠቀሰም። በቅርቡ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመልሷል፤ መመለሱም የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የተመለሰው በአመዛኙ የምሳሌው ወገን ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ልጅ ስሙ ያልታወቀ ጓደኛውን ይበድላል፣ በገጹም መጨረሻ ይታረቃሉ። በምሳሌና በሕይወት ታሪክ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ በምሳሌ ውስጥ ያለው ተበዳይ ሊቃወም አይችልም፣ በክፍሉ ፊት የቆመው ሰው ግን ይችላል።

የሽምግልናው ቅደም ተከተል

ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ልጆች የሚያዩት ሌላ ትምህርት አለ፤ እርሱም ሽምግልና ነው። ነፍስ በጠፋ ጊዜ ደም ለማድረቅ የሚቀመጡት የአገር ሽማግሌዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ይቅር በሉ በማለት አይደለም። አስቀድመው ገዳዩና ወገኖቹ ከሟች ቤተ ሰብ ዓይን እንዲርቁ ያደርጋሉ፤ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ እየተመላለሱ ይሰማሉ፤ ዋስ ያስጠራሉ፤ ነገሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ እስኪጣራ ድረስ ቀጠሮ ያራዝማሉ፤ ካሣውን ይቈርጣሉ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በዳዩ አንገቱን ደፍቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጥፍቻለሁ ማሩኝ እያለ የሚቀርበው፤ መሐላውና አብሮ መብላቱም የመጨረሻው ማሠሪያ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሕይወት ታሪክ ስፍራው ታላቅ ነው፤ የተበደለው ወገን በደሉን ደጋግሞ ይናገራል፣ በዳዩም ይናገራል። ነገር ግን ሽማግሌው የሚሰማው እያመዛዘነ ነው፤ ይህስ እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቃል፣ የተጋነነውን ይመልሳል፣ የተደበቀውን ያስወጣል። በዛሬው የክፍል ትምህርት ታሪኩ አንድ ጊዜ ተነግሮ ጭብጨባ ተቀብሎ ሲያልፍ፣ በሽምግልናው ግን ተፈትኖ የሚጸና ቃል ነው።

የአዊ ምድር በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ከፈረስ ጉግሱና ከዐድዋ ዘማቾች መታሰቢያነቱ ሌላ፣ አባላቱ በደስታና በኀዘን የሚረዳዱበት፣ ሲጣሉም የሚታረቁበት ጉባኤ ነው። ከታሪክም ቢፈለግ፣ በ1933 ዓ.ም. መባቻ የእንግሊዙ መኮንን የሳንድፎርድ ተልእኮ በፋግታ አካባቢ ሰፍሮ ሳለ፣ በተቀናቃኝነት የሚተያዩት የጎጃም አርበኞች ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በኢጣሊያ ወራሪ ላይ ለመተባበር መስማማታቸው ለእንጅባራና ለዳንግላ ተማሪ ከቀበሌው ሳይወጣ የሚማረው ነገር ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በተያዘው ጠላት ላይ ክፋትን በክፋት እንዳይመልስ ማዘዛቸውም ከዚህ ጋር ይነሣል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ የፋግታው በጋራ ጠላት ፊት የተደረገ የጥቅም ስምምነት ነው፣ የአዲስ አበባው ደግሞ ከላይ የተሰጠ ምሕረት ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ልጁ የተገደለበት ገበሬ ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ምን እንደ ተሰማት አይነገርም። የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ለክፍል የሚመች ቢሆንም፣ ይህን ክፍተት ሊሞላ አይችልም።

ሕጉስ ምን አለ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ግልግልና ዕርቅ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ ዘርዝሮ በመደንገጉ አስታራቂነት በሕግ ዓይን ስፍራ ያለው መሆኑን አረጋገጠ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተ ሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖትና በባህል ሕጎች እንዲዳኙ ፈቀደ። የወንጀል ነገር ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ደም ማድረቅ ቂሙን ያቆማል እንጂ ፍርድ ቤቱን አያስቀርም። በተማሪዎች ዘንድ የሚደበላለቀው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ይቅርታ፣ ዕርቅና ምሕረት

እንግዲህ ክርክሩን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን መለየት ግድ ይሆናል። ይቅርታ የተበዳዩ የራሱ ነው፤ በልቡ የያዘውን ቂም መተው ነው፤ በዳዩ በሌለበት፣ በሞተበት፣ ባልተጸጸተበትም ጊዜ እንኳ ሊፈጸም ይችላል። ዕርቅ ግን ያለ ሁለት ወገን አይሆንም፤ መተማመን መመለስን ይጠይቃል፣ ስለዚህም የበዳዩን እውነተኛ ቃልና የካሣውን መከፈል ይጠብቃል። ምሕረት ደግሞ ሥልጣን ያለው ክፍል ቅጣትን ሲተው የሚደረግ ነው፤ ተበዳዩ ይስማማ ዘንድ የግድ አይደለም። ይቅር ያለ ሰው ላይታረቅ ይችላል፤ የታረቀም በልቡ ቂም ሊያኖር ይችላል፤ ቂም ይዞ ጸሎትን ከሳል ይዞ ስርቆት ጋር ያነጻጸሩ አባቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የአሜሪካው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤቨረት ወርዚንግተን በቁርጥ ውሳኔ የሚደረገውን ይቅርታና ስሜት ቀስ በቀስ ሲለወጥ የሚመጣውን ይቅርታ ለይቶ ያስተማረው ትምህርት፣ የነፍስ አባቶች በንስሐና በቀኖና ሥራቸው ሲለዩት ከኖሩት ብዙ የራቀ አይደለም።

ይህን ልዩነት መዘንጋት በአገራችን እንዴት ያለ ዋጋ እንዳስከፈለ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ከቅጣት እንዲድን ይፈቅድ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ሰረዘው። በሁለቱ ሕጎች መካከል ባለፉት ከ40 በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ በየመንደሩ ዕርቅ ወረደ ሲባል፣ የታረቁት አባቶች ነበሩ፣ የተበደለችው ልጅ ግን ድምፅ አልነበራትም። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎችም ለደም ማድረቂያ ሴት ልጅ በጋብቻ ትሰጥ እንደ ነበር ይታወቃል። ስለዚህ ሽምግልናን ለልጆች ስናስተምር የተቀደሰ ገጽታውን ብቻ ብናሳይ ግማሹን እውነት መሰወር ይሆናል፤ ለሴት ተማሪዎች ደግሞ ከግማሽም ያነሰ ነው።

ወገኖችና ማስረጃዎቻቸው

በውጭው ዓለም ለይቅርታ ትምህርት ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሮበርት ኢንራይት ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ለረዥም ዘመን በተጋደሉባት በቤልፋስት ከተማ ትምህርት ቤቶች በመምህራን የሚሰጥ የይቅርታ ትምህርት አስጀመረ፤ በተደረጉት ምርመራዎችም የልጆቹ ቁጣ መቀነሱ ተመዝግቧል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ትንንሾቹ ልጆች የተማሩት ከልብ ወለድ የሕፃናት መጻሕፍት እንጂ ከተጎጂዎች ቃል አለመሆኑ ነው፤ የቤልፋስቱ ማስረጃ ለምሳሌው ወገን እንጂ ለሕይወት ታሪኩ ወገን በቀጥታ አይመሰክርም።

የሕይወት ታሪኩን ወገን የያዙት ሌሎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ጋዜጠኛዋ ማሪና ካንታኩዚኖ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የይቅርታ ድርጅት የተበደሉና የበደሉ ሰዎችን ቃል ሰብስቦ በዐውደ ርእይና በወኅኒ ቤቶች ያቀርባል። የእስራኤሉ ሊቅ ዳን ባር ኦን ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከናዚ እልቂት የተረፉ ሰዎች ልጆችንና የናዚ ሹማምንት ልጆችን አገናኝቶ እርስ በርሳቸው ታሪካቸውን እንዲነጋገሩ አደረገ፤ ዓላማውም ይቅር መባባል ሳይሆን አንዱ የሌላውን ታሪክ መሸከም እንዲችል ነበር። በሩዋንዳም በኪጋሊ የመታሰቢያ ስፍራ የሚሰጠው የሰላም ትምህርት በተራፊዎች ምስክርነት ላይ የቆመ ነው።

ማስረጃው ግን በአንድ ወገን የሚያዘነብል አይደለም። ኤልሳቤጥ ሌቪ ፓለክ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት፣ በሩዋንዳ ስለ ሁለት ተጣልተው ስለሚታረቁ ማኅበረሰቦች የሚተረከውን የሬዲዮ ድራማ ለአንድ ዓመት ያዳመጡ ሰዎችን የጤና ድራማ ካዳመጡት ጋር አነጻጸረ። አድማጮቹ በልባቸው የሚያምኑት ነገር ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሌላው ሰው ምን ያስባል፣ ምን ማድረግ ይገባል ብለው የሚገምቱት ነው፤ ሐሳባቸውንም በግልጽ መናገርና መተባበር ጀመሩ። ለመምህር ይህ ትንሽ ግኝት አይደለም። ታሪክ የልጁን ልብ በአንድ ጊዜ ባይለውጥም፣ በቀል ግዴታ ነው የሚለውን የመንደር ግምት ሊያላላው ይችላል፤ በደመኝነት ምድር ደግሞ ወጣቱን የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ጥላቻ ሳይሆን ደሙን ያልመለሰ ወንድ አይደለም የሚለው የሌሎች ዓይን ነው። በሌላ በኩል ጋብርኤል ሰሎሞን በእስራኤላውያንና በፍልስጤማውያን ወጣቶች ላይ ባደረጋቸው ምርምሮች የሰላም ትምህርት ፍሬ በወራት ውስጥ እየተሸረሸረ እንደሚሄድ አሳይቷል።

ከሁሉ ይልቅ ሊያስጨንቀን የሚገባው ግን የሴራሊዮኑ ነው። ሲሊየርስ፣ ዱቤና ሲዲቂ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ፋምቡል ቶክ በሚባለው ድርጅት አማካይነት በሕዝብ ፊት በደላቸውን የተናገሩና ይቅርታ የተጠያየቁ መንደሮችን ካልተደረገላቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ይቅር ባይነትና መተማመን መጨመራቸውን፣ የሰዎቹ የመንፈስ ጤንነት ግን መጎዳቱን አገኘ፤ ጭንቀቱና ድባቴው ከ31 ወራት በኋላም አልጠፋም ነበር። ማኅበረሰቡ ሲድን የተናገረው ሰው ቆሰለ ማለት ነው። ታሪክን መናገር በራሱ መድኃኒት ነው የሚሉ ሁሉ ይህን ጥናት ሳይመልሱ ማለፍ አይችሉም።

ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ ያለ ፍትሕ ስለ ይቅርታ ማስተማር በደልን መሸፈን ነው የሚል። በደቡብ አፍሪካ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የመሩት የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ለዓለም አርአያ ሆኖ ሲወደስ፣ የአፓርታይድ ተቃዋሚው የስቲቭ ቢኮ ቤተ ሰብና ሌሎች የተገደሉ ሰዎች ወገኖች፣ ገዳዮቹ ምሕረት እንዳያገኙ በ1996 እ.ኤ.አ. እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክረው ተረቱ። የእነርሱ ቃል የይቅርታ ተቃራኒ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ይቅርታ በሌላ ሰው አፍ እንዳይሰጥባቸው የተሟገቱ ናቸውና።

በጃዊና በቻግኒ በኩል ሲታይ

ይህ ሁሉ ወደ አዊ ምድር ሲመለስ ክርክሩ ይጠነክራል። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በአጎራባቹ በመተከል ዞን በዳንጉር የተነሣው ግጭት ወደ ጃዊ ተሻግሮ በጉሙዝ ወገኖች ላይ በቀል ተፈጸመ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ከተፈጸሙት ግድያዎች የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቻግኒ ራንች መጠለያ ሰፈሩ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ለክፍል የሚቀርበው የማን ታሪክ ነው? ከመተከል የተፈናቀለችውን እናት ታሪክ ብቻ የሚሰማ ክፍል እውነትን ይሰማል፤ በጃዊ የተገደለውን የጉሙዝ ገበሬ ልጅ ታሪክ ካልሰማ ግን የሰማው እውነት ለሌላ በቀል ስንቅ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ላይ ማቅረብ ደግሞ በደሉን ማስተካከል፣ ገዳይና ተገዳይን ማመሳሰል ነው ብለው የሚቃወሙ ወላጆች አሉ፤ ተቃውሟቸው ከሕመም የመጣ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ዳን ባር ኦን ከፍልስጤማዊው ሳሚ አድዋን ጋር የሁለቱን ሕዝቦች ታሪክ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን አትሞ በመካከላቸው ለተማሪው ባዶ መጻፊያ የተወበት መንገድ፣ ማመሳሰል ሳይሆን ማቀራረብ እንደሚቻል ያሳያል፤ ይሁንና መጽሐፉ በሁለቱም ወገን መንግሥታት ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም።

በመተከል ጉሙዞችና ጎረቤቶቻቸው ሚቹ የሚባል የወዳጅነት ቃል ኪዳን እንደ ነበራቸው ፀጋ እንዳለው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት በአርባ ምንጭ መንበርከካቸውም በመላው አገር የታየ ነው። እነዚህ ለክፍል ትምህርት ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ የቀረቡ ናቸው፤ ደግሞም በቀል ሊቆም እንደሚችል የሚያሳዩት ዕርቁ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ነገሩ ሲግል ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ የሚመዝነው የሽምግልናው ቅደም ተከተል ነው፤ ይኸውም እውነቱ ሳይወጣ፣ በዳዩ ሳይናገር፣ ካሣው ሳይነሣ ይቅርታ የማይጠየቅ መሆኑ። የክፍሉ ትምህርት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከይቅርታው ቢጀምር፣ የተበደለው ልጅ የሚማረው ሕመሙን መደበቅ ነው። ስለዚህ ገና ይቅር ያላለ ሰው ታሪክም፣ ይቅር አልልም ያለ ሰው ታሪክም በክፍሉ ስፍራ ሊኖረው ይገባል፤ የሚናገረውም ሰው ጉዳቱን በቅርብ ያየ ልጅ ሳይሆን፣ ፈቅዶ የመጣ፣ ከተናገረ በኋላም የሚያየው ሰው ያለው አዋቂ መሆን አለበት፤ የሴራሊዮኑ ጥናት ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄን አይፈቅድም። ልጆቹም እንደ ሽማግሌ ይጠይቁ ዘንድ ሊፈቀድላቸው ይገባል፤ የተነገራቸውን ሁሉ ተቀብለው ዝም ማለት ትምህርት አይደለምና።

ያልተፈቱት ነገሮች ብዙ ናቸው። በአዊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአውኚ ቋንቋ ይሰጣል፤ የተፈናቀሉት ልጆች ግን አማርኛ፣ ሺናሽኛ ወይም ሌላ ይናገራሉ፤ የኀዘን ቃል ደግሞ በአስተርጓሚ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። መምህሩ ራሱ ወገኑን ያጣ፣ ደመኛ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ማን ያስባል የሚለውን ሥርዓተ ትምህርቱ አይመልስም። የብሔራዊ ምክክር ኮሚሽኑ በ2014 ዓ.ም. ተቋቁሟል፣ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲውም በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ነገር ግን በትልልቆቹ ዘንድ እውነቱ ገና ሳይወጣ ትንንሾቹን ይቅር በሉ ማለት ይገባልን የሚለው ጥያቄ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ከዚህም ሌላ ግብረ ገብ ፈተና ያለው ትምህርት ነው፤ ይቅር ያለ ተማሪ ከፍ ያለ ነጥብ፣ አልቻልኩም ያለ ዝቅ ያለ ነጥብ እንዲያገኝ ከሆነ ልጆች በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚፈለገውን መልስ ይለምዳሉ። ነጥብ ሊሰጥበት የሚቻለው የሌላውን ቃል ሳያዛቡ መልሶ መናገር መቻል፣ የተነገረውን ከተፈጸመው መለየት፣ ሁለት ተጣይ ልጆችን አስቀምጦ በየተራ ማሰማት ነው፤ የልብ ይቅርታ ግን ከውጤት መዝገቡ ውጭ መቆየት ይኖርበታል።